ቺንጊያ በጆሮ ይቃኛል?

ቤቱ ውስጥ በኮምፒውተር የሚመራ ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን ተክሎ እንጨት የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ቺንጊያው ምን ያህል ይወጠር? ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ «ጠበቅ ይበል፤ ግን አይብዛ» ከማለት አያልፍም። «ጠበቅ» ደግሞ ለአንዱ እጅ አንድ ነገር ነው፤ ለሌላው እጅ ሌላ። ስለዚህ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን፣ ቺንጊያውን በጣትህ ሳብ አድርገህ ልቀቀው፤ የሚሰጠውን ድምፅ ስልክህ ይለካልሃል፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግህም ይላል። ሌላው ወገን፣ ድምፅ ለሙዚቀኛ ነው፤ የማሽን ነገር በሚዛንና በማስመሪያ ይለካ ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ሁለቱም ዘለው የሚያልፉት ነገርም አለ።

ክርክሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ ዓይነት ማሽን ይዘን እንነጋገር። በ2011 ኤድዋርድ ፎርድ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሰው በቤቱ ሊገጣጥመው የሚችል ሼፖኮ የሚባል ሲኤንሲ በኪክስታርተር የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ አማካይነት አቀረበ። ኋላ ካርባይድ ስሪዲ የተባለው ኩባንያ ይዞት ቀጠለ፤ የኢንቬንተብልሱ ኤክስ-ካርቭም ከዚሁ ዘር የተወለደ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ቺንጊያው ክብ ሆኖ አይዞርም። ሁለት ጫፉ በአሉሚኒየሙ ሐዲድ ዳርና ዳር ታስሮ ይወጠራል፤ የሚንቀሳቀሰው ሞተሩ ነው። ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ቺንጊያውን ከግራና ከቀኝ ወደ ፑሊው ያስጠጉታል፤ ፑሊው በጥርሱ እየነከሰ ሞተሩን ከነተሸከመው ነገር ይዞት ይሄዳል። የቺንጊያው ጥርስ ከጥርስ ያለው ርቀት 2 ሚሊሜትር ነው። ፑሊው 20 ጥርስ ስላለው በአንድ ዙር 40 ሚሊሜትር ይጓዛል። ስቴፐር ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ አለው፤ መቆጣጠሪያው እያንዳንዷን ለስምንት ሲከፍላት 1,600 ትሆናለች፤ ለአንድ ሚሊሜትር 40 እርምጃ ማለት ነው። በወረቀት ላይ አንዲት እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር ናት። ይህን ስሌት የሚያስከብረው ወይም የሚያፈርሰው ግን መካከል ላይ ያለው ቺንጊያ ነው፤ ከጎማና ከመስታወት ክር የተሠራ፣ ሲጎትቱት የሚለጠጥ ነገር።

ውጥረት ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይመልሱ «በምን ይለካ» ብሎ መከራከር ድካም ነው። መቁረጫው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ማሽኑ ሲገፋ፣ በአንዱ ወገን ያለው ቺንጊያ ይብስ ይወጠራል፤ በሌላው ወገን ያለው ይላላል። የሚላላው ጨርሶ እስካልረገበ ድረስ ሁለቱም ማሽኑን ይዘውታል፤ ኃይሉን ይካፈሉታል። አንደኛው ረግቦ የተንጠለጠለ ጊዜ ግን ጭነቱ በሌላው ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ማሽኑም የነበረው ግትርነት ድንገት ይወርዳል። ክብ ተብሎ የተቆረጠው ሞላላ ሆኖ የሚወጣው፣ ማዕዘን ላይ ጠርዙ ገባ ብሎ የሚታየው ያኔ ነው። እንግዲህ መነሻው ውጥረት ከሚጠበቀው የመቁረጥ ኃይል ጋር መመጣጠን አለበት። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ግን ግትርነትን እምብዛም አይጨምርም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የቺንጊያው ግትርነት የሚመጣው በውስጡ ካለው ክር፣ ከስፋቱና ከርዝመቱ ነው፤ ሦስቱም ብሎን በማጥበቅ አይለወጡም። ትርፉ ጭነት የሚሄደው ወደ ኩሽኔታዎቹና ወደ ሞተሩ ዘንግ ነው።

ዘንጉ ደግሞ ልክ አለው። ኔማ 17 በሚባለው መጠን የሚሠሩ ስቴፐር ሞተሮች ብዙውን ጊዜ በጎን 28 ኒውተን፣ ኔማ 23 ደግሞ 75 ኒውተን እንዲሸከሙ ይፈቀድላቸዋል፤ ይህም ከሞተሩ ፊት 20 ሚሊሜትር ርቆ ለሚያርፍ ጭነት ነው፤ ፑሊው ከዚያ ከቀረበ የሚፈቀደው ከፍ ይላል። ቺንጊያው ፑሊውን ዞሮ ስለሚመለስ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ጭነት የውጥረቱ እጥፍ ገደማ ነው። በኔማ 23 ላይ 30 ኒውተን የተወጠረ ቺንጊያ ዘንጉን በ60 ኒውተን ይስበዋል፤ ከልኩ በታች ነው። 40 ሲደርስ 80 ይሆናል፤ እዚያ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከታች መርገብ፣ ከላይ የዘንጉ አቅም፤ በመካከላቸው ሰፋ ያለ ክልል አለ። የሚፈለገው እዚያ ክልል ውስጥ መግባት ነው እንጂ አንዲት ነጥብ ላይ መቆም አይደለም። ይህ ከታወቀ የጠቡ ግማሽ ይበርዳል፤ ብዙው ጠብ የሚነሳው ነጥብ ፍለጋ ስለሚኬድ ነውና።

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ። ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1636 ባሳተመው የሙዚቃ መጽሐፍ የተወጠረ አውታር ድምፅ በምን እንደሚወሰን አስቀምጧል፤ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። አውታሩ በእጥፍ ሲረዝም በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር በግማሽ ይወርዳል። ውጥረቱ አራት እጥፍ ሲሆን ርግብግቡ እጥፍ ይሆናል። ከባዱ አውታር ከቀላሉ የወፈረ ድምፅ ይሰጣል። ቺንጊያም ጥርስ ያወጣ አውታር ነው፤ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ስለዚህ ነፃ ሆኖ የሚርገበገበው ርዝመት በሜትር፣ የአንድ ሜትር ቺንጊያ ክብደት በኪሎ፣ ርግብግቡም በኸርዝ ከታወቀ ስሌቱ አጭር ነው። ርዝመቱን በርግብግቡ ያባዙ፤ የመጣውን በራሱ ያባዙ፤ ከዚያም በክብደቱና በአራት ያባዙ። መልሱ ውጥረቱ ነው፣ በኒውተን።

ዘዴው የትርፍ ጊዜ ሠራተኞች የፈጠሩት ጨዋታ እንዳይመስል። ጌትስ የተባለው ታላቅ የቺንጊያ አምራች በድምፅ ውጥረት የሚለካ መሣሪያ ለፋብሪካዎች ይሸጣል፤ ለብስክሌት ቺንጊያዎቹም በስልክ ማይክሮፎን የሚያዳምጥ መተግበሪያ አውጥቷል። ቮሮን የሚባለውን ስሪዲ ፕሪንተር የሚገጣጥሙ ሰዎች ዋና ዋናዎቹን ቺንጊያዎች በ150 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ 110 ኸርዝ እስኪሰጡ እንዲወጥሩ ይመከራሉ። ድምፅ ያለው ትልቁ ብልጫ ደግሞ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። በቀስታ የተነካ ቺንጊያ የነበረውን ውጥረት እንደያዘ ይናገራል፤ ለመለካት ብሎ የሚጨመርበት ጭነት የለም ማለት ይቻላል። «በቀስታ» የምትለዋ ቃል ግን መዘንጋት የለባትም። ቺንጊያውን አጥብቆ ስቦ የሚለቅ ሰው ራሱ ይለጥጠዋል፤ ድምፁም መጀመሪያ ላይ ቀጠን ብሎ ይነሳና እየወረደ ይሄዳል። ስልኩ የትኛውን እንደያዘ ማን ያውቃል?

ድምፅ የሚፈተነው ቁጥር ውስጥ ሲገባ ነው። 9 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ የመስታወት ክር ያለው የጎማ ቺንጊያ በሜትር 12 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ30 ኒውተን ሲወጠር 300 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ 83 ኸርዝ ይሰጣል፤ የጊታር ወፍራሙ አውታር ማለት ነው። ይህን ስልክ ያለ ችግር ይሰማዋል። የሲኤንሲ ሐዲድ ግን ረጅም ነው። በ600 ሚሊሜትር ላይ ያው ቺንጊያ፣ በዚያው ውጥረት፣ ወደ 42 ኸርዝ ይወርዳል። የስልክ ማይክሮፎን የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ እዚያ ታች ሲደርስ ደካማ ነው፤ ጆሮም ብትሆን ያን ያህል የወፈረ ድምፅ መለየት ይከብዳታል። ይባስ ብሎ በ500 ሚሊሜትር ላይ የሚመጣው ልክ 50 ኸርዝ ነው። እንደ ኢትዮጵያና እንደ አውሮፓ መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ቤቱን የሚሞላው የኤሌክትሪክ እምታ ያው ነው። ርዝመቱን ወደ 250 አሳጥሬ አመልጣለሁ የሚል ደግሞ 100 ኸርዝ ላይ ያርፋል፤ ትራንስፎርመር የሚያጉረመርመው እዚያ ላይ ነው። የመብራቱ ሞገድ 60 ኸርዝ በሆነበት አሜሪካ ወጥመዱ ወደ 60ና ወደ 120 ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ አቧራ መሳቢያውን ማጥፋት፣ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል፣ ከእነዚህ ቁጥሮች የራቀ ርዝመት መምረጥ። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ቺንጊያውን ትቶ የግድግዳውን ሽቦ ሲለካ ሊውል ይችላል።

ሌላው ወጥመድ ከዚህ ይከፋል። የተነካ አውታር ከዋናው ድምፁ ጋር እጥፉንም አብሮ ያሰማል። የጊታር መቃኛ መተግበሪያ በዋናው ፈንታ እጥፉን ቢይዝ፣ ርግብግቡ በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ የሚወጣው ውጥረት አራት እጥፍ ይሆናል። 30 ኒውተን የነበረው 120 ነው ተብሎ ይነበባል፤ ባለቤቱም ደንግጦ ያላላዋል። በራሱ መባዛቱ ትንሹንም ስህተት ያሳድጋል፤ በርግብግብ ላይ 5 በመቶ የሳተ ሰው በውጥረት ላይ 10 በመቶ ስቷል። ፒያኖ ላይ አንዱን ቁልፍ ከጎረቤቱ የሚለየው ልዩነት በውጥረት ሲተረጎም 12 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ክልሉ ሰፊ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የጠራ ጆሮ የሌለው ሰው እንኳ በዚህ ልክ ከተሳሳተ አልጠፋም።

ቁጥር ሲዋዋሱ የሚመጣው ጉዳት ግን ቀላል አይደለም። 110 ኸርዝ የሚለው ምክር ከስሪዲ ፕሪንተር ሠፈር ወጥቶ ሲኤንሲ ላይ ሲሰካ ከአንዴም ሁለቴ ታይቷል። በፕሪንተሩ ላይ፣ 6 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ቺንጊያና ለ150 ሚሊሜትር ርዝመት፣ ያ ቁጥር 9 ኒውተን ገደማ ነው፤ እንጨት የማይቆርጥ፣ ቀላል ራስ ብቻ ለሚያመላልስ ማሽን ይበቃል። ያንኑ 110 በ9 ሚሊሜትር ቺንጊያ፣ በ600 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ለማምጣት የሚያጠብቅ ሰው ከ200 ኒውተን በላይ ይፈልጋል፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት የሆነ ነገር ይሰበራል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ አብሮት መሄድ የነበረበት ርዝመት ነው የቀረው። የቺንጊያው ዓይነትም እንዲሁ ነው። የብረት ክር ያለው ፖሊዩረቴን ቺንጊያ ከመስታወት ክሩ የተለየ ክብደት ስላለው በአንድ ውጥረት ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ስፋት ብቻ ሲለያይ ግን ደስ የሚል ነገር አለ፤ ሰፊው ቺንጊያ በስፋቱ ልክ ይከብዳል፣ በስፋቱ ልክም ይበልጥ ይወጠራል፤ ስለዚህ ለአንድ ርዝመት ድምፁ ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ቺንጊያው መርገብገብ መቻል አለበት። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ቺንጊያው ሐዲዱን ተጠግቶ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ቦታ ላይ ይነካዋል። የሚነካ ቺንጊያ አይዘምርም፤ «ጠፍ» ብሎ ዝም ይላል። የሚሠራው ብልሃት ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት የፑንታ ጭራዎች ከሥሩ አስገብቶ በመካከላቸው የታወቀ ርዝመት መፍጠር ነው። ቺንጊያውን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርጉት ውጥረቱን በመጠኑ ይጨምራሉ፤ ነገር ግን በሁሉም ቦታ እኩል ስለሚጨምሩ ለማስተያየት አያውኩም። በጣም አጭር ርዝመት መምረጥም አይገባም፤ ቺንጊያው ሲያጥር እንደ አውታር ከመሆን ይልቅ እንደ ዱላ ይሆንና ድምፁ ከስሌቱ በላይ ይቀጥናል። ሞተሩም መብራት አግኝቶ ዘንጉን እንደጨበጠ መሆን የለበትም። የጨበጠ ሞተር ግራና ቀኙን ስለሚለያየው አንዱ ወገን ጠብቆ ሌላው ላልቶ ሊቆይ ይችላል። መብራቱን አጥፍቶ ማሽኑን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ውጥረቱን ያስተካክለዋል።

የሚዛኑ ወገን ይህን ሁሉ ሰምቶ ይስቃል። ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? ቺንጊያውን መካከሉ ላይ በሞላ ሚዛን ጎትት፤ ስንት ሚሊሜትር እንደጎበጠ በማስመሪያ ለካ። አምራቾች የለመዱት ልክ የነፃው ርዝመት አንድ ስልሳ አራተኛ ነው። በዚያ ልክ ሲጎብጥ የጎተተው ኃይል የውጥረቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። 640 ሚሊሜትር ርዝመት መካከሉ ላይ 10 ሚሊሜትር ለመጎበጥ 200 ግራም ኃይል ከበቃው ውጥረቱ 31 ኒውተን ገደማ ነው። የቺንጊያው ክብደት አያስፈልግም። የጎረቤት ጫጫታ አያውክም። ጆሮው የማይሰማ ሰውም ይሠራበታል። መልሱም በቀጥታ በኒውተን ይመጣል፤ ከሞተሩ መረጃ ወረቀት ጋር ወዲያው ይመሳከራል። ይህ የማይናቅ ብልጫ ነው፤ ከላይ የተባለው የዘንግ ልክ የሚገኘው በኒውተን ብቻ ነውና።

ግን ይህም ወገን የራሱን ጉድፍ አያይም። ሰው እጅ ላይ የሚገኘው ሚዛን ብዙውን ጊዜ የሻንጣ ሚዛን ነው፤ የተሠራው ለ50 ኪሎ ስለሆነ 200 ግራም ላይ የሚናገረው እምብዛም አይታመንም። ማስመሪያውን የሚያነብ ዓይንም 10 ሚሊሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ቢስት 10 በመቶ ሄደ። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ቺንጊያውን ያጎበጠ ሰው ለጥጦታል። ያ ርዝመት ብቻውን ቢለጠጥ፣ አንድ ስልሳ አራተኛ መጎበጥ 0.05 በመቶ ገደማ ይጨምርበታል። ብዙ ለማይለጠጥ ቺንጊያ ይህ የዋዛ አይደለም፤ ሚዛኑ የሚያነበው መጀመሪያ የነበረውን ውጥረት ሳይሆን እርሱ ራሱ ያወጣውን ጨምሮ ነው። አምራቾቹ በቀመራቸው ውስጥ ማረሚያ የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ በየቤቱ የሚሠራበት ሰው ግን ማረሚያውን ይረሳዋል። ጥቂት ብቻ አጉብጦ መለካት ችግሩን ያቀለዋል፤ ንባቡን ግን ያከብደዋል።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ በጣቱ ተጭኖ «ደህና ነው» የሚል። ብዙ ማሽን ያየ እጅ ሲሆን አይናቅም። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይበትም።

ለኔ የክርክሩ ሚዛን የሚያዘነብለው ሁለቱም ወገን ብዙ የማይናገሩለት ቦታ ላይ ነው፤ የግራና የቀኙ እኩልነት። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ጋንትሪ የሚባለው ተሻጋሪ ድልድይ ግራና ቀኙን በሁለት ሞተርና በሁለት ቺንጊያ ይጎተታል። ቺንጊያ ሲወጠር ጥርሶቹ ትንሽ ይራራቃሉ፤ ፑሊው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀትም በዚያው ልክ ይረዝማል። 0.1 በመቶ የተለጠጠ ቺንጊያ በአንድ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ይሰጣል፤ 40 የነበረው እርምጃም 39.96 መባል ይኖርበታል። ውጥረቱን የለወጠ ሰው ይህን ቁጥር እንደገና ማስላት ያለበት ለዚህ ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ከተለጠጡ ስህተቱ በአንድ ቁጥር ይታረማል። ግራው ከቀኙ 0.05 በመቶ ቢበልጥ ግን በ800 ሚሊሜትር ጉዞ ላይ 0.4 ሚሊሜትር ይቀድማል። ድልድዩ ይጣመማል፤ አራት ማዕዘን ተብሎ የተቆረጠው ሰሌዳ ያዘነበለ ይሆናል። ይህን የሚያርም ቁጥር መቆጣጠሪያው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

እኩልነትን ለማወቅ የውጥረቱ መጠን አያስፈልግም። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን አውታር ለድምፁ እንደሚመቸው ይይዝና የቀሩትን ከእርሱ ጋር እያስተያየ ያስተካክላል፤ አውታሩ ስንት ኒውተን እንደተወጠረ ጠይቆ አያውቅም። እዚህም እንዲሁ ነው። ቺንጊያዎቹ ከአንድ ጥቅል ከተቆረጡ ክብደታቸው አንድ ነው። የፑንታ ጭራዎቹ በሁለቱም በኩል በእኩል ርቀት ከገቡ ርዝመቱ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ውጥረታቸውም አንድ ነው፤ የክብደት ስህተት፣ የቀመር ስህተት፣ ርዝመትን በትክክል ያለመለካት ስህተት ሁሉ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚገባ ይጣፋል። የጎማ ድምፅ ቶሎ ይሞታልና ሁለቱን በአንድ ጊዜ መንካት አይጠቅምም፤ አንዱን ነክቶ፣ ሌላውን ነክቶ፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን መስማት ነው። ሚዛንና ማስመሪያ ይዞ ይህን ያህል ጥራት ማምጣት ከባድ ነው። ድምፅ ስለ መጠን ሲጠየቅ የሚንተባተብ ምስክር ነው፤ ስለ እኩልነት ሲጠየቅ ግን ከእርሱ የሚሻል አላውቅም።

ከጊዜ ጋር የሚመጣ ለውጥንም እንዲሁ ይይዛል። የመስታወት ክር ያለው ቺንጊያ ከተለመደ በኋላ ብዙ አይረዝምም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚላላው ጫፉን የሚይዘው ማሰሪያ ሲንሸራተት ነው። ዛሬ 300 ሚሊሜትር ላይ 83 የሰጠ ቺንጊያ ከወራት በኋላ 75 ቢሰጥ ውጥረቱ 18 በመቶ ገደማ ወርዷል ማለት ነው፤ ማሰሪያውን ማየት ይገባል። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሜትር 23 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል፤ የመስታወት ክሩ የሚረዝመው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ሞቃት ቀን ላይ ቺንጊያው ይጠብቃል። ከጠዋቱ ብርድ እስከ እኩለ ቀን ሙቀት 10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ሐዲዱ በሜትር 0.23 ሚሊሜትር ረዝሟል። ቁጥር የሚመዘግብ ሰው በተመሳሳይ ሰዓት ቢለካ ይሻለዋል።

«ውጥረት መለካቱን ተዉት፤ ቆርጦ ማየት ነው» የሚልም አይጠፋም። መጨረሻው ዳኛ የተቆረጠው እንጨት መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ እንጨቱ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ክቡ ሞላላ ሆኖ የወጣበት ምክንያት የላላ ቺንጊያ ሊሆን ይችላል፤ ፑሊውን ዘንጉ ላይ የሚያስረው ትንሹ ብሎን መላላቱም ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ሐዲዱ ላይ የሚሄድባቸውን ጎማዎች የሚያስጠጋው ዳዶም ሊሆን ይችላል። ብሎኑ የላላ ሰው ቺንጊያውን ቢያጠብቅ ቢያጠብቅ አይሻሻልለትም፤ ኩሽኔታውን ብቻ ይጨርሳል። ከመቁረጥ የሚሻለው ማሽኑን አብርቶ፣ ሞተሩ ጨብጦ ሳለ መቁረጫውን የያዘውን ስፒንድል በሁለት ኪሎ ያህል ኃይል መግፋትና ምን ያህል እንደሸሸ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚያሳይ ዳያል ኢንዲኬተር ማንበብ ነው። ቺንጊያውን ትንሽ አጥብቆ እንደገና መግፋት። ንባቡ መሻሻሉን ያቆመበት ቦታ የክልሉ መግቢያ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠበቀው ለማንም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሰለቸው መፍትሔው ቺንጊያውን መተው ነው ይላል። ካርባይድ ስሪዲ ራሱ በሼፖኮ 5 ፕሮ ላይ በቺንጊያ ፈንታ ቦል ስክሩ የሚባል ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ዘንግ አስገብቷል። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው፤ ቺንጊያ ላይ ለሚሠራው ብዙ ሰው መልስ አይሆነውም።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። መነሻውን ውጥረት ድምፅ ብቻውን እንዲወስን አልፈቅድም፤ እርሱን ዳያል ኢንዲኬተሩ ወይም ጥሩ ሚዛን ይወስነው፣ የሞተሩ ዘንግ ልክም በኒውተን ይመሳከር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ፣ ግራን ከቀኝ ማስተካከልን፣ ከወር ወር መከታተልን፣ ማሽኑ ከተጓጓዘ በኋላ መፈተሽን፣ ለድምፅ እሰጣለሁ። እዚያ ላይ ሚዛኑ አይደርስበትም፤ ስልክም ባይኖር ጆሮ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ድምፅ የለካችሁ ሁሉ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ብቻውን አትስጡት። ኸርዙ አጠገብ ነፃውን ርዝመት፣ የቺንጊያውን ስፋትና የክሩን ዓይነት ጻፉ። ያለ እነዚህ የተነገረ ቁጥር የሌላ ሰው ሞተር ዘንግ ላይ ነው የሚያርፈው።